የአያ ውዱ ብልቃጥ

ሰኞ፣ ሰኔ 6 ቀን 2003 ዓ.ም.

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር የሚያስነሣው ቀዶ ጥገናውንና የክትባቱን ፍሪጅ ብቻ ነው። የእኔ ማሞቂያ ሣጥን «ምርምር» ተብሎ ስለተመዘገበ ተራ አይደርሰውም። የካላዛር ተባይ የማራባባቸውን ብልቃጦቼን በፎጣ ጠቅልዬ ወንበር ላይ ደርድሬ፣ እንደ ታማሚ ልጅ እየዳሰስሁ ዋልሁ።

ከዘጠኙ አምስቱ ሻግተዋል። አምስቱም ካላዛር ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛቸው ሰዎች የተወሰዱት ናቸው። ደፋኋቸውና ከመጠባበቂያው ተባይ እንደገና ዘራሁ። የቀሩት አራቱ፣ ማለት ታክመው ከዳኑ በኋላ በሽታው ካገረሸባቸው ሰዎች የመጡት፣ ደኅና ናቸው። እነሱን አልነካኋቸውም።

አማካሪዬ ዶክተር ክንዱ በበሩ ብቅ ብለው «ራቢዓ፣ ውጤት መቼ ነው የማየው?» አሉኝ። መብራት ሲመጣ አልኋቸው። «መብራትማ ሁሌም ይመጣል» ብለውኝ ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

አባባ ጎንደር አራዳ ገበያ ካለው የጨርቅ ሱቁ እንደተመለሰ «ዛሬም ጠየቁኝ» አለ። «የከማሉዲን ልጅ ምንድን ነው የምትመረምረው ይሉኛል። ጨርቅ እየለካሁ ምን ልበላቸው?»

ተቀምጬ አስረዳሁት። የካላዛር ተባይ በዐይን አትታይም፤ አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት። ቅርጿን የሚይዙላት ከቆዳዋ ሥር የተደረደሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ቱቦዎቹ የሚሠሩት ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። በፕሮቲኑ ጭራ ጫፍ ላይ ታይሮሲን የምትባል ቅንጣት አለች። ተባይቱ ይህችን ቅንጣት አንዳንዴ ትቆርጣታለች፤ አንዳንዴ መልሳ ትቀጥላታለች። ቅንጣቷ ላይ ብቻ ለይቶ የሚጣበቅ አንቲቦዲ የሚባል ነገር አለኝ፤ ከውጭ ተልኮ በአምስት ወሩ የደረሰ። ቅንጣቷ ካለች በማነሣው ሥዕል ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ከሌለች አይወጣም። እኔ የማጣራው፣ መርፌ ተወግተውም በሽታው የሚመለስባቸው ሰዎች ተባያቸው ቅንጣቷን ቆርጣ እንደሆነ ነው።



«ስለ ጭራ ነው እላቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

መብራት መጣ። እስኪሄድ ሳልጠብቅ ዘጠኙንም ሰበሰብሁ። እንደገና የዘራኋቸው አምስቱ አራት ቀናቸው ነው። ያልነካኋቸው አራቱ ዐሥራ አንድ። ዕድሜያቸው እኩል ቢሆን ይሻል ነበር። ግን ሌላ ሳምንት ብጠብቅ ሌላ ሻጋታ ነው። ቀኑን በላቦራቶሪው ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። የደበቅሁት ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 14

ወጣ!

አጠቃላይ ቱቡሊኑን የሚያሳየው መስመር በዘጠኙም እኩል ወፍራም ነው። የቅንጣቷ መስመር ግን በአምስቱ አዲስ በሽተኞች እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ባገረሸባቸው በአራቱ የለም ማለት ይቻላል። ሥዕሉን ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ዶክተር ክንዱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገው አዩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ሁሉንም እኩል ነው የያዝሽው?»

«አዎ» አልኋቸው።

የጠየቁኝ ስለ ፕሮቲኑ መጠን ነው። የፕሮቲኑ መጠን እኩል ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 16

ዛሬ ወደ በሽተኞቹ ክፍል የወረድሁት ስለ ናሙና ቅጽ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከአራቱ ብልቃጦች የአንዱ ባለቤት አያ ውዱ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ናቸው። ከትክል ድንጋይ ከተማ አለፍ ብሎ ያለ ቀበሌ ገበሬ ናቸው። ሁለት ዓመት ቆላ ወርደው ሰሊጥ ሲቆርጡ በሽታው ያዛቸው። አምና ታክመው ድነው ነበር፤ ዘንድሮ አገረሸ። ሆዳቸው ጣፊያው አብጦ ተወጥሯል፣ ክንዳቸው ከእኔ ክንድ ቀጥኗል። የሠላሳ ቀን መርፌ ታዞላቸው ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛው ነው።

በወረድሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አላቸው። «ተባይቱ ምን አለች?»

ዛሬ የምመልሰው ነገር ነበረኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ስለ ቱቦዎቹ፣ ስለ ጭራው፣ ጫፉ ላይ ስለምትቆረጠው ቅንጣት ነገርኋቸው። ከአባባ ይልቅ ቶሎ ገባቸው።

«እንጨትም እንዲሁ ነው» አሉ። «አዲስ ማገር ከነልጡ ነው። ሲቆይ ነው ልጡ የሚረግፍ።»

«ይሄ እንጨት አይደለም አያ ውዱ።»

«ይሁን እሽ። እና እኔን የያዘችኝ የተቆረጠችው ናት?»

«አዎ። የተለየች ናት።»

«መርፌው ይገድላታል?»

የምናውቀውን ነው የነገርኋቸው፤ ማለቴ ያየሁትን። ለእንዲህ ዓይነቷ መርፌው የሚበቃት አይመስለኝም አልሁ። «አይመስለኝም» ነው ያልሁት። «አይበቃትም» አላልሁም። የጠየቁኝን መለስሁ እንጂ እኔ ከመሬት ተነሥቼ አልተናገርሁም።

ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። «ሸጋ ነው፤ እውነቱን ማወቅ ሸጋ ነው» አሉ። ነርሷ ሲስተር እጅጋየሁ መርፌ ይዛ ስትመጣ ተነሥቼ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 20

ዶክተር ክንዱ የውጤታችንን አጭር ጽሑፍ አዲስ አበባ ለሚደረገው ጉባኤ ላኩት። ጳጉሜ 2 ቀን ነው። አቅራቢዋ እኔ ነኝ። ለውጭ አገር አጋሮቻችንም ሥዕሉን ልከውላቸው ዛሬ መልስ መጣ። ለዶክትሬት አንድ ቦታ አለን፣ ልጅቱን እንፈልጋታለን ይላል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ለቤት ስነግር እማማ እልል አለች። አባባ ዕቃ አስቀምጦ ወጣ፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት አራዳ ሙሉ ሰምቷል። የጎረቤቱ ባለሱቅ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ጭራ እንዲህ ያስከብራል?» አለኝ።

ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 22

የአያ ውዱ አልጋ ባዶ ነው። ትናንት ባለቤታቸው እትዬ ሸዋአየሁ መጥተው ይዘዋቸው ሄዱ። ዐሥራ ሰባት መርፌ ነው የወሰዱት። ዐሥራ ሦስቱ ቀርቷል።

ሲስተር እጅጋየሁ አንሶላውን እየገፈፈች «ምነው ሰውዬው እንዲህ ተስፋ ቆረጠ?» አለች። «እየተሻለው ነበር እኮ። ትኩሳቱ ወርዶ ነበር። እምቢ አለኝ። ተባዬ መርፌ አይገድላትም፣ ቤቴ ልሙት ብሎ ድርቅ አለ። ይህን ማን ነገረው?»

«እንጃ» አልኋት።

የአረም ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ገበሬ ሆስፒታል አይቀመጥም። በየዓመቱ ይሄዳሉ፣ ራሷ ሲስተርም ታውቃለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 1

ዝናብ። መብራት የለም። ጽሑፍ አነባለሁ ብዬ አላነበብሁም።

ትኩሳታቸው ወርዶ ነበር አለች። እኔ ያን አላየሁም። የትኩሳት ሰንጠረዡ አልጋው ግርጌ ተሰቅሎ ነበር፤ አላየሁትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 4

ለጉባኤው መግቢያ የሚሆን ፍለጋ ላይ እያለሁ አንድ የቆየ ጥናት አገኘሁ። የካላዛር ተባይ ዘመድ በሆነች ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ ላይ የተሠራ ነው። ቱቦው አዲስ ሲሠራ ቅንጣቷ ጫፉ ላይ አለች ይላል። ቱቦው ሲያረጅ ትቆረጣለች። የተቆረጠ ጭራ የእርጅና ምልክት ነው።

ይህን ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው የሰማሁት ይመስለኛል። ከማን እንደሆነ ማስታወስ አልፈልግም።

አራት ቀን። ዐሥራ አንድ ቀን።

ሌላ ማብራሪያ ሊኖር ይችላል። የእኔዋ ተባይ ሌላ ናት፤ የግድ እንደ ዘመዷ አትሆንም። ነገ በረጋ መንፈስ አየዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

አላየሁትም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ዶክተር ክንዱ ኮሪደር ላይ ከእንግዶች ጋር ሲያልፉ «እሷ ናት፣ የጭራዋ ልጅ» ብለው አስተዋወቁኝ። ሁሉም እጄን ጨበጡኝ። ከኋላቸው ሲስተር እጅጋየሁ በትሪ ጠርሙሶች ይዛ ቆማ ነበር። አየችኝ።  ያን ቀን «እንጃ» ያልኋትን እንዳላመነች ዐወቅሁ።

ከሰዓት በኋላ አንቲቦዲውን አውጥቼ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። ሌላ ቢታዘዝ አምስት ወር ነው። ለጉባኤው ማሳያ እንዲሆን ያንኑ ሥራ ደግሜ ሥዕሉን ማሳመር እችላለሁ። ወይም የሚያስፈራኝን መፈተን እችላለሁ። ለሁለቱም አይበቃም።

ዘጠኙንም እንደገና ዘራሁ። እያንዳንዱን በሁለት ብልቃጥ። ግማሹን በአራተኛው ቀን፣ ግማሹን በዐሥራ አንደኛው ቀን እሰበስባለሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12

መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ። የአራት ቀኖቹን ሰብስቤ አቀዝቅዣለሁ።

የዘበኛውን ጀበና ማሞቂያ ከሰል ለምኜ ብልቃጦቹን አጠገቡ አስቀመጥሁ። በጣም ሞቀ፤ መልሼ አራቅሁት። ይህ ሁሉ ትምህርት ለዚህ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 16

እማማ ምነው ከሳሽ አለችኝ። መሄጃሽ ስለደረሰ ነው አለችና ራሷ መለሰች። ሻንጣ እንግዛ ትላለች። አባባ ለካፖርት የሚሆን ወፍራም ጨርቅ ከሱቁ ለይቶ አስቀምጧል። ቆዩ፣ ገና አትግዙ ልል አፌ ላይ መጣና ዋጥሁት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 19

ሥራው ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ዐሥራ ስምንት መስመር።

በአራት ቀን የተሰበሰቡት ዘጠኙም ጥቁር ናቸው። በዐሥራ አንድ ቀን የተሰበሰቡት ዘጠኙም ገርጥተዋል። ያገረሸበት፣ ያላገረሸበት፣ ምንም ልዩነት የለም። የአያ ውዱ ተባይ እንደማንም ተባይ ናት። ወጣት ስትሆን ቅንጣቷ አለች፣ ስታረጅ ትቆረጣለች። እኔ ያገኘሁት የሻጋታውን ታሪክ ነው። ሽማግሌን ከሕፃን አወዳድሬ በሽታ አገኘሁ አልሁ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጓንቴን ሳላወልቅ ቆየሁ። ሥራው ደግሞ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ! መስመሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ጥርት ያሉ ናቸው። በሕይወቴ እንዲህ የጠራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 21

ለዶክተር ክንዱ ነገርኋቸው። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁ። ራሳቸው አነበቡት።

«የብልቃጦቹ ዕድሜ ይለያያል?»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«የጠየቅሁሽ ሌላ ነው።»

«አውቅ ነበር» አልሁ። «ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ብዬ አላሰብሁም። በኋላ ደግሞ ማሰብ አልፈለግሁም።»

ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ፤ ዝናቡ እየገባ ነበር። «እኔም ደብተሩን ማየት ነበረብኝ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ መስተዋት የሚናገሩ ይመስል። ከዚያ ተቆጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ ውጤት፣ አጋሮቹ ምን ይሉናል፣ ስማችን ምን ይሆናል።  ቀስ በቀስ ድምፃቸው ወረደ። «የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት ነው ብለን ብናቀርበውስ? ገና ይጣራል ብንልስ?» አሉ። እኔም ለአንድ አፍታ ተመኘሁት፤ መዋሸት አልችልም።

«ለበሽተኛ ነግሬዋለሁ» አልሁ።

«ምን?»

«ለአያ ውዱ። መርፌው ተባይዎን አይገድላትም አልኋቸው። ‹አይመስለኝም› ነበር ያልሁት፤ ግን እሳቸው የሰሙት ያንን ነው፤ እንዲሰሙ የፈለግሁትም ያንን ነው። ዐዋቂ መምሰል ፈልጌ ነው። ዐሥራ ሦስት መርፌ ሲቀራቸው ወጥተው ሄዱ።»

ዶክተር ክንዱ ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ ጣታቸውን የሥዕሉ ጠርዝ ላይ ሲያመላልሱ ቆዩ።

«ለጉባኤውና ለውጭዎቹ እኔ እጽፋለሁ» አሉ። «ሰርዘነዋል እላለሁ። አንቺ ሰውየውን ፈልጊ።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 25

የረመዳን መጀመሪያ። ሦስት ቀን ሙሉ ያላደረግሁትን ዛሬ አደረግሁ፤ ለሲስተር እጅጋየሁ ነገርኋት። መርፌዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«እንጃ ያልሽኝ ጊዜ በጥፊ ልልሽ ነበር» አለች። ቀጥላም «ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም። አብረን እንሄዳለን» አለች።

ካፈጠርን በኋላ ለአባባ የዶክትሬቱ ቦታ እንደሚቀር ነገርሁት። ምክንያቱንም ነገርሁት። አራዳ ሙሉ ምን ልበላቸው ብሎ አልጠየቀኝም። ያ ነው ያስለቀሰኝ። ተሳስታ ነበር፣ አስተካከለች እላለሁ አለ። «ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ጨርቅ አልሸጥለትም።»

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 30

ትክል ድንጋይ ገበያ ነበር። ከገበያው ወዲያ ማኪና አይሄድም። ሲስተርና እኔ አንድ ሰዓት ተኩል በጭቃ ሄድን። እኔ በጾም አፌ ደርቋል፣ እሷ አንድ ጊዜ ወድቃ ተነሥታለች። መንገድ የጠየቅናት ሴት የአያ ውዱን ስም ስትሰማ እጇን ከነጠላዋ ሳታወጣ በአገጯ አሳየችን።

ቤታቸው ዳር ላይ ነው። ማሽላው በአረም ተውጧል። የሌሎቹ ማሳ ሁሉ ታርሞ የእሳቸው ብቻ ጫካ ሆኗል። እትዬ ሸዋአየሁ በር ላይ ቆመው አዩን። ሲስተርን ሰላም አሏት። እኔን ዐወቁኝ።

«አንቺ ነሽ? ስለ ጭራው የነገርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው? ምን ጎደለ ብለሽ መጣሽ?»

ተሳስቻለሁ አልኋቸው። ተባይቱ የተለየች አይደለችም፣ የእኔ ሥራ ነው የተበላሸው፣ መርፌውን ሊጨርሱ ይገባ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁት። እትዬ ሸዋአየሁ እስክጨርስ ጠበቁ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«እሱ አገር ገብቶ ለጎረቤት ተናገረ» አሉ። «የያዘችኝ መድኃኒት የማይገድላት ናት፣ ዶክተሯ በማሽን አይታታለች አለ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚገባ የለም። ያርሙልኝ ብዬ ወንፈል ጠራሁ፣ አንድ ሰው አልመጣ። ይህን አረም እኔ ብቻዬን በምን አቅሜ? ውኃ ስቀዳ እንኳ እስክነሣ ቆመው ይጠብቃሉ።»

ውስጥ ገባን። አያ ውዱ መደብ ላይ ተኝተዋል። ሆዳቸው ከሰኔው በእጥፍ ተነፍቷል፤ ሲስተር ዳሰሰቻቸውና ከንፈሯን ነከሰች። ትኩሳታቸው ከእጄ በፊት ፊቴን ነካኝ። እንደገና ተናገርሁት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

«እና ልጡ የረገፈው በምን ነበር?» አሉኝ በቀጭን ድምፅ።

«ስለቆየ ነው» አልሁ። «እንዳሉኝ።»

ፈገግ ያሉ መሰለኝ። እሽ፣ እሄዳለሁ አሉ። ግን መራመድ አይችሉም። እስከ ማኪናው መንገድ በቃሬዛ መሄድ አለባቸው። ለቃሬዛ ቢያንስ ስምንት ወንድ ይፈልጋል። ሲስተር ወጥታ ሁለት ቤት አንኳኳች። በአንዱ ቤት የለሁም አሏት፣ ከውስጥ ሆነው።

የቀበሌው ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ቤት ሄድን። ደጃፋቸው ላይ እንዳለን ሰሙን። «እኔ ብናገር ማን ይሰማል?» አሉ። «ሕዝቡ ዶክተሯ አለች ነው የሚለው። ዶክተሯ ደግሞ ሌላ ካለች ጻፊው። ነገ እሑድም ነው፣ ፍልሰታም ይገባል፤ አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ከቅዳሴ በኋላ አነበዋለሁ። አንቺም ትቆሚያለሽ።»

ዶክተር አይደለሁም ልላቸው ነበር። አሁን ያ ምን ይረባል ብዬ ተውሁት።

ጎንደር ስንደርስ የማፍጠሪያው አዛን ሊል ነበር። ደብዳቤውን አምስት ጊዜ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ቱቡሊን የሚል ቃል አለ። በሁለተኛውም። በሦስተኛው መብራት ስለመጥፋቱና ስለ ሻጋታው ጽፌ ነበር፤ ቀደድሁት። አምስተኛው ይሁን።

እሑድ፣ ነሐሴ 1

ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ሲስተር ከጎኔ። እነሱም ጾም ጀምረዋል፣ እኔም ጾም ላይ ነኝ። ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ወረቀቱን ከፈቱና ጮክ ብለው አነበቡ።

«እኔ ራቢዓ ከማሉዲን በሆስፒታል ላቦራቶሪ የምሠራ ነኝ። ለአያ ውዱ ‹ተባይዎ መርፌ የማይገድላት የተለየች ናት› ብዬ የነገርሁት ስሕተት ነው። ሳላጣራ ተናገርሁ። መርፌያቸውን ሳይጨርሱ የሄዱት በእኔ ምክንያት ነው። ይህ በሽታ አብሮ በመብላት፣ በመጠጣትም ሆነ ሰውን በመሸከም አይተላለፍም።»

የራሴን ቃል በሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁ። ማንም አላጉረመረመም። ሁሉም ዞረው ያዩኝ ጀመር። መሬት መሬት ማየት ፈልጌ ነበር፤ አላየሁም።

አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «እንግዲያ መርፌው ያድነዋል?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ሕዝቡ የሚፈልገው እሱን ነው። አዎ ብል ወዲያው ይነሣሉ።

«አላውቅም አባቴ» አልሁ። «ሊያድናቸው ይችላል። ካልወሰዱ ግን ይሞታሉ። ይህን አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ቆመው አዩኝ።  ዝናቡ ሲያካፋ ይሰማል። አበላሸሁት ብዬ አሰብሁ።

ከኋላ አንድ ጎልማሳ ነጠላውን አጣፍቶ ማሰር ጀመረ። «ቃሬዛው ያለው እነማን ጋ ነው?» አለ። ሌላው መለሰለት። ሦስተኛው ቀድሞ ሄደ። ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ዐሥራ አንድ ሰው መጣ። አያ ውዱን በጋቢ ጠቅልለው አወጧቸው። በየሃያ ሠላሳ እርምጃው ትከሻ ይቀያየራሉ። ወንዟ ጋ ሲደርሱ ወገባቸው ድረስ ገብተው ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት። እትዬ ሸዋአየሁ ከኋላ ይከተላሉ። አንዲት ሴት፣ ትናንት በአገጯ ያሳየችን ናት፣ ሮጣ ደረሰችባቸውና የያዙትን ዕቃ ተቀበለቻቸው።  ጎን ለጎን ሄዱ።

አንድ ጊዜ ከተሸካሚዎቹ አንዱ አንሸራተተውና እጄን ዘርግቼ የቃሬዛውን እንጨት ያዝሁ። ከዚያ አለቀቅሁም። መዳፌ ተልጧል፤ እስክሪብቶ ስይዝ ያቃጥለኛል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7

ሰኞ መርፌው ከአንድ ተጀመረ። ሠላሳ። ያለፉት ዐሥራ ሰባቱ አይቆጠሩም ተባለ። የወሰዱት ሥቃይ ሁሉ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ትኩሳቱ አልወረደም። በሰኔ የነበረው አያ ውዱ ቢሆን ኖሮ፣ ትላለች ሲስተር፣ አትጨርሰውም።

የውጭዎቹ መልስ መጣ። አጭርና ጨዋ ነው። ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን። ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 24

ዒድ። እማማ አዲስ ቀሚስ አሰፍታልኛለች። ከካፖርቱ ጨርቅ ሳይሆን ከሌላ። ዘመድ ሁሉ መቼ ነው የምትሄጂው ይላል። ቀርቷል፣ ቀርቷል፣ ቀርቷል ስል ዋልሁ። ስምንተኛው ሰው ላይ ተናደድሁ።

ከሰዓት ወደ ክፍሉ ወረድሁ። አያ ውዱ ተቀምጠው ገንፎ ይበላሉ። የትኩሳት ሰንጠረዡን አንሥቼ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ስድስት ቀን ሆኖታል ከወረደ። መልሼ ሰቀልሁት።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 2

ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የማቀርብበት ቀን ነበር። ስሜ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስኪሆን ድረስ ብልቃጥ ሳጥብ ቆየሁ። ዶክተር ክንዱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከመስከረም ጀምሮ እንደ አዲስ እንሠራለን፣ አርባ በሽተኛ፣ ሁሉም በአንድ ዕድሜ አሉ። አንቲቦዲውን አዘናል፤ ከጥር በፊት አይደርስም። «ደብተሩን በየሳምንቱ ዓርብ ይዘሽልኝ ትመጪያለሽ» አሉ። እሽ አልሁ። አንድ ብልቃጥ እጄ ላይ ተሰበረ። ሳልፈልግ ነው።

ሐሙስ፣ ጳጉሜ 3

የአያ ውዱ የመጨረሻ ናሙና ከጣፊያቸው ተቀዳ። እኔ እንዳላየው ለመንሁ፤ ሌላ ባለሙያ አየው፣ ሁለተኛ ሰው ደገመው። ተባይ አልተገኘም። ስድስት ወር ሳያልፍ ግን ድነዋል አይባልም፤ አምናም እንዲህ ተብለው ነበር።

እትዬ ሸዋአየሁ ዕቃ እየጠቀለሉ ነው። ማሽላው ግማሹ በአረም ሄዷል፤ ግማሹን ጎረቤት ተሰብስቦ አርሞላቸዋል። አያ ውዱ ጫማቸውን አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«ድኛለሁ?» አሉኝ።

«ዛሬ ደኅና ነዎት» አልኋቸው። «በየካቲት መጥተው ይታዩ። እስከዚያ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።»



«ዛሬም ሸጋ ነው» አሉና የባለቤታቸውን ትከሻ ይዘው ተነሡ።